የማቅጠኛው ሽታ

ስለ እሱ ሲወራ የሰማው ገና ካልጋው ሳይወርድ ነው። ትንሿን ክፍል ከሳሎኑ የሚለያት ግድግዳ ግድግዳ ይባል እንጂ ቺፑድ ነው፤ ማዶ ማንኪያ ሲወድቅ የሾርባው ይሁን የሻዩ መለየት ይቻላል። ወንድ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ» አለ። «ሽታው ለልጅቱ ደረት ጥሩ አይደለም እለዋለሁ። ሌላ ምን ብዬ ልንገረው?» የልጁ ሚስትም «እንደሱ በላቸው» አለች። ከዚያ ስለ አረጋውያን መጦሪያው ተነጋገሩ፤ ግቢው ዛፍ እንዳለው፣ ነርስ እንደማይጠፋበት፣ ኃላፊዋ በስልክ ስትናገር ደግ ሴት እንደምትመስል። በመጨረሻ የውጪው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፣ ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ፤ ልጁ ወደ ሥራው ሄደ።

ሽማግሌው ክው ብሎ እንደተጋደመ ቀረ። መቆጣት ነበረበት፤ እሱን ግን ቀድሞ የያዘው እፍረት ነው። ስንት ጊዜ ልጅቱን፣ የልጅ ልጁን፣ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ ስንት ጊዜ እራት ላይ ከምራቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሁሉም እየሸተታቸው ዝም ብለውት ኖሯል ማለት ነው። የሌሊት ልብሱን እጅጌ አፍንጫው ላይ ለጥፎ በረጅሙ ሳበ። ምንም። ይህን ማድረጉ ራሱ ሞኝነት ነበር፤ አፍንጫው ከሞተ ዘመን አልፎታል።

ዕድሜውን የፈጀው ነዳጅ በሚወጣበት ሜዳ ላይ ነው። ሰው ነዳጅ ሲባል እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር ይመስለዋል። እዚያ የሚወጣው ድፍድፍ ግን ሌላ ጉድ ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ስንፍና የተጠናወተው ነገር። ቱቦው ውስጥ ሲገባ ደክሞት ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ካለ ደግሞ አይነሳም። እሱን ከተቀመጠበት የሚያስነሳው ማቅጠኛው ነው። ከተለያየ በርሜል ተለክቶ የሚቀየጥ ኬሚካል ነው፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ድፍድፉን ያላላዋል፣ ይበትነዋል፣ እንዲፈስ ያደርገዋል። ቀያጩ እሱ ነበር። ጓደኞቹ «አቅጣኙ» ብለው ስም አወጡለት፤ ራሱ በር የሚሞላ ወፍራም ሰው ስለነበር ስሙ በተጠራ ቁጥር አዲስ የገባ ሁሉ ይስቅ ነበር። ቅይጡ መድረሱን መሣሪያው ይነግረዋል፤ እሱ ግን በመሣሪያ ብቻ አይረካም፤ ዘንግ ነክሮ ወደ ላይ ያነሳና አወራረዱን ያያል። እንደ ገመድ ከተንጠለጠለ ገና ነው። ጠብ ጠብ ካለ ደርሷል። ይህ አመል እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ሾርባ ሲቀርብለት ማንኪያውን ከፍ አድርጎ ያያል፣ ማሩንም እንደዚያው፣ የልጅቱን የሳል ሽሮፕም እንደዚያው። ምራቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ አሁን አሁን ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

የማቅጠኛው ክፋት ሽታው ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ልብስ ውስጥ ከገባ አልወጣ ይላል። ደግነት ይሁን ጭካኔ እንጃ፣ አብሮት የሚውለውን ሰው አፍንጫ ቶሎ ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽቶም ሆነ የመኪና ጭስ ለዚያ ሰው አንድ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ፈቃድ ወጥተው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ነበር። ሸትተው ሚስቶቻቸው ፊት እንዳይቀርቡ ማን ይንገራቸው? ስለዚህ አንድ ልማድ አበጁ። አፍንጫው ገና ያልሞተ አዲስ ሠራተኛ ይመረጥና «አፍንጫ» ተብሎ ይሾማል። የፈቃድ ቀን ሁሉም ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ይሰለፋል፤ አፍንጫ የእያንዳንዱን ኮሌታ እያሸተተ «ሂድ» ወይም «ሂድ ታጠብ» ይላል። አለቃም ቢሆን «ሂድ ታጠብ» ከተባለ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመለሳል። አፍንጫ በተራው ማሽተት ሲያቅተው ይሻርና ሌላ ይተካል፤ የተሻረውም አንገቱን ደፍቶ ሠልፉ ውስጥ ይገባል።

እንዲህም ሆኖ ቤቱ ሲደርስ በራሱ አይተማመንም ነበር። ልጁ ያኔ ትንሽ ነበር፤ የአባቱን ኮቴ ሲሰማ ክንፍ ብሎ ይመጣል። አባትየው ሁለት እጁን ወደ ኋላው ይደብቅና «አትንካኝ፣ ቆይ ልታጠብ» ይለዋል። ልጁ አንዳንዴ ያመልጠውና እግሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ያኔ «ሂድ ታጠብ» ብሎ ይቆጣዋል። ልጁ እያኮረፈ እጁን ታጥቦ ይመጣና መታጠቢያው በር ላይ ቁጭ ብሎ አባቱን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው የሚታቀፈው። ሽማግሌው ስለዚያ ጊዜ ሲያስብ የሚቆጨው ልጁን ሳያቅፈው በር ላይ ያስጠበቀው ጊዜ ነው።

ሥራውን ከተወ ቆይቷል። ሚስቱ ስትሞት ልጁ በመኪና መጥቶ «እኛ ጋ ትኖራለህ፣ አለቀ» ብሎ ወሰደው፤ ይህ ደግሞ አፉን ሞልቶ ለሰው ሁሉ የሚናገረው ነገር ነው። አሁንም ካልጋው ተነስቶ እግሩን ጫማው ውስጥ ሲያስገባ አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየው። ጉዳዩ ሽታ ከሆነ ሽታ ይለቃል። እስከ ማታ ቀኑ ረጅም ነው። ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ መሆኑን ሰው መስክሮለት ከመጣ፣ ልጁ የሚናገረው ነገር አይኖርም፤ እሱም ከቤቱ አይወጣም።

ኮሪደሩ ላይ ከነላስቲኩ የተጠቀለለ አዲስ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለልጅቱ የተገዛ መሰለውና በጎኑ አለፈ። ምራቱ ድርስ እርጉዝ ናት፤ ወገቧን በእጇ ደግፋ የልጅቱን ፀጉር ትፈታ ነበር። «በጠዋት ወዴት ነው አባባ?» አለችው። ገላዬን ልታጠብ አላት። ቤትም ውሃ አለኮ ልትል ጀመረችና ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ልጅቱ እስከ በሩ ልሸኘው ብላ ተነሳች፤ እሱ ግን እንዳትጠጋው በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወጣ። የበሩ ማጠፊያ እንደ ልማዱ ጮኸ። ምራቱ ይህ በር ልጄን ከእንቅልፍ ይቀሰቅስብኛል እያለች ሁልጊዜ ታማርራለች፤ ዛሬ እሱንም ዝም አሰኘዋለሁ ብሎ አሰበ።

ሻወር ቤቱ ከአንድ የጫማ ሱቅ ጀርባ ነው። መግቢያው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሳሙናና ፎጣ ሲያቀብለው ሽማግሌው በጣም የሚያጥበው ሳሙና የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ሰውዬው ሽቶ ያለውን ውዱን ሰጠው፤ ድሮ በዚህ ዋጋ ሙሉ ቤተሰብ ይታጠብ ነበር ብሎ ሽማግሌው አጉረመረመና ከፈለ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሴራሚኩ እዚህም እዚያም ተፈልፍሏል፤ ልብስ መስቀያው አንድ ሚስማር ነው። በሚያቃጥል ውሃ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ ፈተገ። ብብቱን፣ የጆሮውን ጀርባ፣ የጣቶቹን መሐል፣ ጥፍሮቹን። ሳሙናው አልቆ እንደ ወረቀት ሲሳሳ ሌላ እንዲያቀብሉት ጮኸ። በረኛው «ዛሬ ሙሽራ ነዎት እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ሽማግሌው ከውስጥ ሊስቅ ሞከረ፤ ውሃው አፉ ውስጥ ገባና ሳቁ ሳል ሆነ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እዚያው ቆሞ ሆድ ባሰው። በሰው ቤት ሸትቶ መኖር፣ ያውም በገዛ ልጅ ቤት፣ ከባድ ነው። ውሃው ፊቱ ላይ እየወረደ ስለነበር ማልቀሱን እሱም በደንብ አላወቀም።

ከዚያ የሄደው ወደ ድሮ ጓደኛው ወደ ቡሎን ነው። ቡሎን በሜዳው ላይ የፓምፕ መካኒክ ነበር፤ አሁን ቁልፍና ጓጉንቸር የሚጠገንባት ሱቅ አለችው፤ ሱቅ ትባል እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ቡሎን ጓደኛውን ሲያየው ፊቱ በራ። ሽማግሌው ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ኮሌታውን ገልብጦ አንገቱን አስጠጋለት።

«አሽትተኝ» አለው።

ቡሎን ሳቀ። «እኔ አፍንጫ የለኝ፣ አንተ አፍንጫ የለህ፤ የት እንድረስ?» ከዚያ የጓደኛውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ። ሽማግሌው በቺፑዱ በኩል የሰማውን ነገረው። ቡሎን መዶሻውን አስቀመጠ። አንድ ያረጀ ጓጉንቸር እያገላበጠ፣ ካወጡህ እኔ ጋ ና ልልህ ነበር፣ ግን ማታ ማታ የምተኛው እዚህ ባንኮኒው ሥር ነው አለው። ከዚያ ብድግ ብሎ ጎን ያለውን ላውንደሪ ግድግዳ በመፍቻ ደበደበ።

የላውንደሪዋ ሴት የካውያዋን ሶኬት ነቅላ መጣች። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ የምታገላብጥ ሴት ናት፤ ማን ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ማን የት እንዳመሸ ከሸሚዙ ታውቃለች። ቡሎን «ዛሬ አፍንጫ ነሽ» ብሎ ልማዱን አስረዳት። ሴትዮዋ መጀመሪያ የሚቀልዱባት መሰላት፤ ሽማግሌው እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ያኔ ሠልፍ ላይ ይቆም እንደነበረው ሲቆም ግን ቁም ነገር መሆኑ ገባት። ኮሌታውን አሸተተች። ብብቱን፣ የኮቱን ገበር፣ ኪሱን አሸተተች። ዞራ ማጅራቱን ደገመች።

«አባቴ፣ ሳሙና ሳሙና ነው የሚሉት። ኮትዎ ትንሽ ሣጥን ሣጥን ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም» አለችው።

«እውነትሽን ነው?»

«ይሂዱ!» አለችና እንደ አለቃ በእጇ መንገዱን አሳየችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ሳቁ። አቅጣኙ ሳቁ ወደ እንባ ሊሄድበት ሲል ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ሴትዮዋ ኮቱን ካልተኮስኩት ብላ በግድ አስወልቃው ሄደች።

ኮቱ እስኪመጣ ድረስ ቡሎን ጓጉንቸሩን መነካካት ቀጠለ። በኋላ ያንን ኮት መቼ እንደገዛው ጠየቀው። ሽማግሌው ሥራ ከተወ በኋላ ልጁ እንደገዛለት ነገረው። ቡሎን አፉን ከፈተ፤ ሜዳውን ያላየ ኮት ከየት አምጥቶ የሜዳውን ሽታ ይሸታል ሊለው ነበር። የጓደኛውን የበራ ፊት ሲያይ ግን አስጨነቀው፤ አፉን መልሶ ዘጋና ሌላ ነገር አወራ። ሽማግሌው የበሩን ማጠፊያ ነገር ሲያነሳለት ቡሎን ደስ አለው። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጣ። ከሜዳው ያመጣት የመጨረሻዋ ማቅጠኛ ናት፤ የዛገ ብሎን አልፈታ ሲለው አንድ ጠብታ ጣል ያደርግበታል። «ጓሮ ሆነህ፣ በእንጨት ጫፍ» አለው። «እንዳትደፋብህ ደግሞ፤ የዛሬ ልፋትህ ሁሉ ገደል ይገባል።» ሽማግሌው ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ እንዳይልበው ቀስ እያለ በጥላ ጥላው ሄደ። ምራቱ እራት እያቀረበች ነበር። ልጁም ቀድሞት ገብቶ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ እንግዳ፣ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሰላም ብሎ ጎንበስ አለና ልጅቱን ጠራት። እስቲ አሽትችኝ አላት። ልጅቱ አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ በረጅሙ ሳበች።

«ሳሙና» አለች።

«ሳሙና ብቻ?»

«ሳሙና ብቻ።»

ቀና ብሎ ልጁን አየው። የላውንደሪ ሴትም መስክራለች አለ፤ ሻወር ቤቱን፣ ሁለተኛውን ሳሙና፣ የበረኛውን ቀልድ ሁሉ እየተቻኮለ ነገራቸው። እየተናገረ ሳለ ግን የሚጠብቀውን ፊት አላገኘም። ልጁ ደስ አላለውም። እንዲያውም ፊቱ አመድ መሰለ። «አባዬ፣ እኔ እኮ... ሽታው...» ብሎ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ አዘጋጅቶት የመጣውን ነገር ከዚህ በላይ ሊወስደው አልቻለም። ምራቱ ማንኪያ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ባልና ሚስቱ ተያዩና ሁለቱም በአንዴ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ቀድማ የተናገረችው ልጅቱ ናት። «ፍራሹ የእማማ ነው» አለች። እማማ የምትላት የእናቷን እናት ነው። «ሕፃኑ ሲወለድ ልትረዳን ትመጣለች። አንተ ክፍል ነው የምትተኛው።» እናቷ በስሟ ጠርታ ተቆጣቻት።

ሽማግሌው «እሰይ፣ እንኳን መጣች» አለ።  ኮቴን ልስቀል ብሎ ወደ ክፍሉ ገባና አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አሁን ነው የተቆጣው። የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ሽታ አልነበረም። አንድም ቀን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ሲልጥ የዋለው ለሌለ ነገር ነው። አባዬ፣ ቤቱ ጠበበን፣ የሚስቴ እናት ያስፈልጉናል ቢሉት ምን ነበረበት? በሁለት እግሩ ይሄድላቸው ነበር። ወጥቶ ይህንኑ ሊናገር ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ በቺፑዱ ማዶ የልጁን ትንፋሽ ሰማ፤ እያለቀሰ መሆኑን እንዳይሰማበት የሚታገል ሰው ትንፋሽ ነበር። ሚስቱ በሹክሹክታ «በቃ ይቅር፤ እናቴን እንዳትመጣ እነግራታለሁ» ትላለች። ልጁ «ብቻሽን ልትወልጂ ነው?» ይላል። 

ቁጣው ከላዩ ላይ ወረደ፤ የቀረው ሐዘን ብቻ ነበር። እውነቱን ከተናገረ ልጁ ዕድሜ ልኩን ለሚስቴ እናት ብዬ አባቴን ከቤት አወጣሁ እያለ ይኖራል። ካልሆነም እልህ ይዞት ያስቀረውና ይህች ሴት ያለ እናቷ ታምጣለች። ልጁ ለራሱ አንድ ምክንያት ፈልጎ አግኝቶ ነበር፤ ደካማም ቢሆን ምክንያት ነው። ያንን ምክንያት ደግሞ አባቱ ቀኑን ሙሉ ፈትጎ ሲያስለቅቀው ዋለ። ጠርሙሷን ከኪሱ አወጣ። ጨርቁን ፈታ። ከልማዱ የተነሳ ጠርሙሷን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጎ አወራረዱን አየ፤ እንደ ውሃ ቀጭን ነበር። መስኮቱን ከፈተና ኮሌታው ላይ አፈሰሰው። እሱን ምንም አልሸተተውም።

ሳሎኑ ጋ ሲደርስ ከደፉ አላለፈም። ሽታው ቀድሞት ገብቶ ነበር። ምራቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች፤ ልጅቱ አስነጠሳት። ልጅቱን ይዘሽ ጓዳ ግቢ፣ መስኮቱንም ክፈቺ አላት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«አየህ?» አለው። «እኔ አይታወቀኝም እንጂ ልክ ነህ። ሳሙናው ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው ሲሉ አላምንም ነበር። ለልጅቱም፣ ለሚወለደውም ደረት አይሆንም። መጦሪያ የሚባል ቦታ አለ አሉ፤ እስቲ ጠይቅልኝ። ቶሎ ብወጣ ይሻላል።»

 ሽማግሌው ቤቱን እንዳያሸትተው ብሎ ወደ ግቢው ወጣ፤ በሩ ከኋላው ጮኸ፤ ማጠፊያውን እንደረሳው ያኔ ትዝ አለው። ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ ይለቅማል። በሩ እንደገና ጮኸ፤ ልጁ ባዶ እግሩን ተከትሎት ወጣ። ሽማግሌው ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«አትንካኝ» አለው።

ልጁ አልሰማውም። መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ፊቱን ኮሌታው ውስጥ ቀበረ። ቆየት ብሎ ቀና አለ። ጉንጩን ዳሰሰ፣ ጣቶቹን አየ። ኮሌታው እርጥብ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ከአባቱ ኪስ አንገቷን ብቅ ያደረገች ባዶ ጠርሙስ ላይ ዐረፈ። «አባዬ» አለ። 

«ሂድ ታጠብ» አለው ሽማግሌው፤ እጆቹ አሁንም ከኋላው ነበሩ። «ከዚያ ልጅህን ታቅፋለህ።»